ለዘጠነኛ ክፍል ሴት ተማሪዎች ማደሪያ ይሠራልን

ለማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ትምህርት ቢሮ፣
ለትምህርት ሚኒስቴር፣

እንደምን ከረማችሁ። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ማደሪያ። ከገጠር ቀበሌ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ፣ ሚኒስትሪ አልፋ፣ ዘጠነኛ ክፍል ለመማር ወደ ወረዳ ከተማ የምትመጣ ሴት ልጅ የምታድርበት ቤት ይሠራላት ነው የምለው። ትልቅ ነገር አልጠየቅንም። አልጋ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ ማታ የሚበራ መብራት፣ እና ልጆቹን የምትጠብቅ አንዲት ትልቅ ሴት። በቃ።

አሁን የምጽፈው ነሐሴ ስለሆነ ነው። የሚኒስትሪ ውጤት ወጥቷል። ያለፉት ልጆች ምዝገባ እየጠበቁ ነው። በዚህ ወር ውስጥ በየቤቱ አንድ ውሳኔ ይወሰናል፤ ልጅቷ ትሄዳለች ወይስ ትቀራለች? ውሳኔው የሚሰጠው ማታ ምድጃ ዳር ስለሆነ እናንተ ቢሮ አይደርስም። እኛ ግን እንሰማዋለን።

እኛ ያልኩት ጥቂት ወጣቶች ነን። እኔ የተወለድኩት ጉራጌ ዞን፣ ገጠር ውስጥ ነው። ሁለተኛ ደረጃን የተማርኩት ከሁለት የሰፈሬ ልጆች ጋር ቤት ተከራይቼ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ጨርሻለሁ። ክረምት ክረምት ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ለልጆቹ ቱቶሪያል እንሰጣለን፣ ቤት ለቤት እየዞርን ወላጆችን እናነጋግራለን። ማኅበር የለንም፣ ማህተም የለንም። ያለን የሰዉ አመኔታ ነው።

ቤት ለቤት ስንዞር የምንሰማውን ልንገራችሁ። ብዙ ባለሥልጣን ስለ ሴት ልጅ ትምህርት ሲናገር «የወላጆች ግንዛቤ ማነስ» ይላል። በየስብሰባው ይባላል፣ በየሪፖርቱ ይጻፋል። እኛ ሰፈር ያለው አባት ግን ልጁን እስከ ስምንተኛ አስተምሯል እኮ! ደብተር ገዝቷል፣ ዩኒፎርም አሰፍቷል፣ እንሰት በሚፋቅበት ወቅት ሳይቀር ልጅቷን ትምህርት ቤት ልኳል። አንድ አባት ያሉኝን ልድገመው። «ልጄ፣ ትምህርት ጠልቼ መስሎሻል? ላስተምራት። ግን ማታ የት ታድራለች? ማን አለላት?» ይህን ጥያቄ በተለያየ አነጋገር ከብዙ አባትና እናት ሰምቻለሁ። የግንዛቤ ጥያቄ አይደለም። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልስ የሚፈልገውም ከእኔ ሳይሆን ከእናንተ ነው።

ነገሩ የሚመጣው ከትምህርት ቤቶቹ ስርጭት ነው፣ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በአገሪቱ ውስጥ ከ35 ሺህ በላይ የመጀመሪያና የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉ። ሁለተኛ ደረጃው ግን ገና 4 ሺህ አካባቢ ነው። ስለዚህ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ከቤቷ በእግሯ ደርሳ ትመለሳለች። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ግን ወይ በየቀኑ ለሰዓታት ትሄዳለች ወይ ትከራያለች።

መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጀፎረው ላይ፣ ማለት በመንደራችን መሃል በሚያልፈው ሰፊ መንገድ ላይ፣ እስካለች ድረስ ችግር የለም፤ በግራና በቀኝ ቤት ነው፣ ሁሉም ሰው የማን ልጅ እንደሆነች ያውቃል፣ አንድ ነገር ቢሆን ጩኸቷ ይሰማል። ከጀፎረው ከወጣች በኋላ ግን ባህር ዛፍ ነው፣ ገደል ነው፣ በክረምት የሚሞላ ወንዝ ነው። ከሰዓት ፈረቃ ከደረሳት ደግሞ ስትመለስ ይመሽባታል።

ትከራይ ስንል ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ልግለጽ፤ ምክንያቱም «የኪራይ ተማሪ» የሚለው ነገር በሪፖርት ላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ልጅቷ 14 ወይም 15 ዓመቷ ነው። እሑድ ከሰዓት ቆጮዋን፣ ቆሎዋንና በሶዋን ተሸክማ ከቤት ትወጣለች። የምትደርሰው ከአንድ ሰው ግቢ በስተጀርባ ባለች፣ ጭቃዋ በተላላጠ ክፍል ውስጥ ነው። ሦስት ወይም አራት ሆነው ይተኛሉ። ክፍሏ ብዙ ጊዜ ርካሽ የሆነችው ከመጠጥ ቤት ጀርባ ስለሆነች ወይም ዳር ላይ ስለሆነች ነው። ሽንት ቤቱ ከግቢው ወዲያ ማዶ ነው። ማታ መውጣት ስለሚያስፈራት ከሰዓት በኋላ ውሃ አትጠጣም። ይህን እኔም አድርጌዋለሁ፣ አብረውኝ የነበሩትም አድርገውታል፣ ዛሬ የማስተምራቸው ልጆችም እያደረጉት ነው። ማታ በሩን የሚያንኳኳ ሰው አለ። አንዳንዱ ሰክሮ ነው፣ አንዳንዱ ሳይሰክር ነው። በሩ በሽቦ ነው የሚታሰረው። ልጅቷ ተኝታ ሳይሆን በሩን እያዳመጠች ታድርና ጠዋት ፊዚክስ ክፍል ገብታ ታንቀላፋለች። መምህሩ ሰነፍ ይላታል።

ዓርብ ከሰዓት ደግሞ ወደ ቤት ትመለሳለች፤ ስንቅ አልቋላ። ቅዳሜ እናቷን ታግዛለች። እንሰት የሴት ሥራ ነው በእኛ አገር፤ መፋቁ፣ መጭመቁ፣ መቅበሩ፣ ሁሉም። ልጅቷ ሳምንቱን ሙሉ ስለሌለች የሳምንቱ ሥራ ይጠብቃታል። እሑድ እንደገና መንገድ። በዚህ መሃል የምታጠናው መቼ ነው?

ወንዶቹም ይከራያሉ፣ እነሱም ይቸገራሉ፣ እሱን አልክድም። ወንዱ ግን መብራት ሲጠፋበት ጓደኛው ጋ ሄዶ ያጠናል፣ ቤቱ ካልተመቸው ሌላ ቦታ ያድራል፣ ማታ ውጭ ቢታይ ስሙ አይነሳም። ሴቷ አንድ ቀን አምሽታ ብትታይ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ገጠር ይደርሳል፤ በሚቀጥለው ሳምንት አባቷ መጥቶ ይወስዳታል። እንዲህ ሆነው የቀሩ ልጆች አውቃለሁ። ምንም አላጠፉም ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ መስቀል ልምጣ። መስቀል ለእኛ ትልቅ በዓል ነው። አዲስ አበባ ያለው ሁሉ ይመጣል፣ ቤቱ ይሞላል፣ ክትፎው ይቀርባል፣ ደስታ ነው። በዚያው ሰሞን ግን አንድ ነገር ይሆናል። አክስት ወይም የአክስት ጎረቤት ልጅቷን አይታ «ስጡኝ፣ አዲስ አበባ ወስጄ ላስተምራት» ትላለች። ወላጆች ይሰጣሉ። ለምን ይሰጣሉ? አክስት ቤት አልጋ ስላለ ነው። የሚቆለፍ በር ስላለ ነው። ወረዳ ከተማ ላይ መንግሥት ያልሠራላቸውን ነገር አክስት ጋ አገኙ። አንዳንዷ አክስት እውነትም ታስተምራለች፣ እግዚአብሔር ይስጣት። ብዙዎቹ ልጆች ግን ልጅ አዝለው፣ ልብስ አጥበው፣ የማታ ትምህርት ዛሬ ነገ ሲባሉ ይቀራሉ። ከዚያ ደላላ ያገኛቸዋል። ከዚያ ዓረብ አገር። ምዝገባና መስቀል አንድ ወር ላይ መዋላቸውን ልብ በሉልኝ። የዘጠነኛ ክፍል ወንበር ባዶ የሚሆነው መስከረም ውስጥ ነው።

ይህ የእኛ ሰፈር ብቻ ችግር አይደለም። በ2008 ዓ.ም በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ20 እስከ 24 ዓመት ከሆኑ ሴቶች ውስጥ 40 በመቶዎቹ 18 ዓመት ሳይሞላቸው ያገቡ ነበሩ። ሕጉ ጠፍቶ ነው? አይደለም። የቤተሰብ ሕጉ 18 ዓመት ይላል። በ1997 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ ያለ ዕድሜ ጋብቻ የፈጸመ ሰው ልጅቷ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች ደግሞ እስከ 7 ዓመት እንደሚታሰር ይደነግጋል። ስለ ሴቶች መብት የሚደነግገው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 አለ። ወረቀቱ ላይ ምንም አልጎደለብንም።

ብዙ ጊዜ ስለ አፍጋኒስታን አስባለሁ። እዚያ ከ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ጀምሮ ከስድስተኛ ክፍል በላይ ሴት ልጅ እንዳትማር ተከልክላለች። በአዋጅ ተዘግቶባታል። እኛ አገር በሩን የዘጋ አዋጅ የለም። ግን የእኛ ሰፈር ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሳትገባ ስትቀር፣ ለእሷ ለራሷ ልዩነቱ ምንድን ነው? የከለከላት ሰው እንኳን ስለሌለ የምትታገለውን ታጣለች።

ማላላ ዩሱፍዛይን ሁሉም ያውቃታል። ፓኪስታን ስዋት ሸለቆ ውስጥ፣ ገና በ11 ዓመቷ፣ ታሊባን የሴቶችን ትምህርት ቤት ሲዘጋ በብዕር ስም ለቢቢሲ ማስታወሻ ትጽፍ ነበር። በ15 ዓመቷ ተተኮሰባት፣ በ17 ዓመቷ የኖቤል የሰላም ሽልማት ወሰደች። ሰው የሚያወራው ስለ ጥይቱና ስለ ሽልማቱ ነው። እኔ ግን ሁሌ የማስበው የት እንደተመታች ነው። ፈተና ተፈትና፣ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ መንገድ ላይ ነው የተመታችው።

የራሳችንም ታሪክ አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች። ጠላፊዋን ገደለች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ ያኔ በወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ መሪነት፣ ጠበቃ ቆመላት፣ ራሷን ስትከላከል ነው ተብላ በነጻ ተለቀቀች። ያኔ ይሠራ የነበረው የ1949ኙ የወንጀል ሕግ ጠላፊው ልጅቷን ካገባት ያስምረው ነበር። አዲሱ ሕግ ያንን አነሳው። ስንት እናቶች ናቸው እንዲህ ያለ ሕግ ተለውጦ ያላዩት! ሕጉ ተለወጠ፣ እሰየው። መንገዱ ግን ያው ነው። ዛሬም ልጅቷ በዚያው ባህር ዛፍ መሃል ነው የምትሄደው።

በዚሁ ክልላችን ውስጥ ስለኖሩ አንዲት ሴት ደግሞ ማንሳት አለብኝ፤ የእናንተው ቢሮ በሚያስተዳድረው ከምባታ ስለተወለዱት ዶ/ር ቦጋለች ገብሬ። ልጅ ሳሉ ውሃ ሊቀዱ የወጡ መስለው ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። ከዚያች መንደር ተነስተው ኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም አሜሪካ ድረስ ሄደው ተማሩ። ከእህታቸው ከፍቅርተ ጋር ሆነው በ1980ዎቹ መጨረሻ የከምባታ ሴቶች ማኅበር አቋቋሙ። የሴት ልጅ ግርዛትን በመዋጋት ነው ብዙ ሰው የሚያውቃቸው፤ ሁሉም ሴት ልጅ ትገረዝ በነበረበት አካባቢ ቁጥሩ ከ3 በመቶ በታች እስከመውረድ እንደደረሰ ተመዝግቦላቸዋል። ሙሽራዋ «አልተገረዝኩም» የሚል ጽሑፍ ደረቷ ላይ አድርጋ በአደባባይ የተዳረችበት አገር ነው ከምባታ።

ለእኔ ትልቁ ነገር ግን የሥራቸው አጀማመር ነው። ዶ/ር ቦጋለች አገራቸው ገብተው ስለ ኤች አይ ቪ ሊያስተምሩ ሕዝቡን ሲሰበስቡ፣ ሕዝቡ ያነሳው የድልድይ ችግር ነበር። ድልድይ ባለመኖሩ ልጆች ትምህርት ቤት መድረስ፣ ነጋዴ ገበያ መውጣት ተቸግሯል። እሳቸው «እኔ የመጣሁት ለሌላ ነው» ብለው አልመለሷቸውም። ገንዘብ አፈላልገው፣ ከሕዝቡ ጋር ሆነው ድልድዩን አሠሩ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ አዳመጣቸው። ለዘመናት የኖረ ልማድ ሲቀየር፣ መጀመሪያ ላይ ድልድይ ነበር። በ2012 ዓ.ም ነው ያረፉት፣ ነፍሳቸውን ይማር። እኔ አግኝቻቸው አላውቅም። የምጠይቃችሁ ግን የእሳቸውን ሥራ ነው፤ ሕዝቡ ችግሬ ይህ ነው ሲል እሱን መጀመሪያ መፍታት። ሕዝቡ ማደሪያ ነው እያለ ያለው።

ማደሪያ ደግሞ እንደሚሠራ አገሪቱ ራሷ ታውቃለች። ከጣሊያን ወረራ በፊት የተከፈተው የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። ያኔ ነገሩ ገብቷቸዋል። የመብት ተሟጋቿ ወ/ሮ የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመታቸው ዓይናቸው ጠፍቶ፣ ሻሸመኔ ካለው የካቶሊክ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው ነው የተማሩት። ዓይነ ስውር መሆናቸው በልጅነት ከመዳር እንዳዳናቸው ራሳቸው በአደባባይ ተናግረዋል። ጠበቃ ሆኑ፣ በ2010 ዓ.ም መጀመሪያ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸለሙ። ዓይኗ የሚያየው የሰፈራቸው ልጅ ተድራ ቀርታ እሳቸው የተማሩት ማደሪያ ያለው ትምህርት ቤት ስላገኙ ነው። ይህን ሳስበው ያመኛል።

ለወላጅ ችግር ተጨባጭ መልስ ሲሰጥ ምን እንደሚሆንም ታይቷል። አማራ ክልል ሞሰቦ በሚባል ቦታ ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም ብርሃነ ሔዋን የሚባል ፕሮግራም ነበር። ልጅቷን በፕሮግራሙ ጊዜ ያልዳረ ቤተሰብ በመጨረሻ በግ ወይም ፍየል ይሰጠዋል። ለትምህርት ቤት ልጆች ደብተርና እስክሪብቶ፣ ትምህርት ላቋረጡት ደግሞ በቡድን የሚማሩበት ቦታ አዘጋጁ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች የመዳር ዕድላቸው ፕሮግራሙ ከሌለበት ቦታ ልጆች አንድ አሥረኛ ብቻ ሆነ። ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸው ደግሞ 3 እጥፍ። አንድ በግ ነው እንግዲህ። አልጋማ ምን ያደርግ ነበር?

ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች እየሠራችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ደስ ይለኛል፣ ጎበዝ ልጅ ይውሰድ። ግን እነሱ የሚቀበሉት ከፍተኛ ውጤት ያመጣችውን ነው። ቅዳሜን እንሰት ስትፍቅ፣ እሑድን መንገድ ላይ የምታሳልፍ ልጅ ያንን ውጤት አታመጣም፤ ጭንቅላት ስላነሳት አይደለም፣ ሰዓት ስላነሳት ነው። የማትሪክ ውጤትንም እናንተው ናችሁ የነገራችሁን። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ ነበሩ። ስለ መምህራን፣ ስለ መጽሐፍ፣ ስለ ኩረጃ ብዙ ተብሏል፤ ትክክል ነው። ተማሪዋ ማታ የት ሆና ነው የምታጠናው ብሎ የጠየቀ ግን አልሰማሁም።

ቢሮ ለቢሮ ስንዞር የሰማነውን መልስ ደግሞ ላንሳ። አንድ ጽሕፈት ቤት ፊርማ ሰብስበን ማመልከቻ አስገባን። መዝገብ ቤት ገባ፣ ከዚያ የት እንደደረሰ የሚነግረን አጣን። ኃላፊው ተቀየሩ፣ አዲሱ እንደገና አስገቡ አሉን፣ አስገባን። «በዕቅድ ተይዟል» ተባልን። የትኛው ዕቅድ እንደሆነ የሚያሳየን አልተገኘም። የፈረሙት እናቶች መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ምን አሉሽ ልጄ?» ይሉኛል። የምመልስላቸው የለኝም። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

በጀት የለም ትላላችሁ። እሺ። እኛ ባዶ እጃችንን አልመጣንም። የጉራጌ ሕዝብ መንግሥት እስኪመጣለት ቁጭ ብሎ የጠበቀ ሕዝብ አይደለም። በ1950ዎቹ አባቶቻችን ከሊስትሮው እስከ ነጋዴው አዋጥተው መንገድ ሠርተዋል፤ የዓለም ገና ወላይታ ሶዶ መንገድ በእነሱ መዋጮ የተጀመረ ነው። ዛሬም ድንጋይ የሚያቀርብ፣ እንጨት የሚቆርጥ፣ ጉልበት የሚሰጥ ሰው አለ። ቆጮውን ወላጅ ያመጣል፣ አሁንም እያመጣ ነው። ኪራይ ይከፍል የነበረውን ለማደሪያው ይከፍላል። ከእናንተ የምንፈልገው መሐንዲስ፣ ቆርቆሮና ሲሚንቶ፣ የጠባቂዋ ደመወዝ፣ እና ይህ ማደሪያ የትምህርት ቤቱ አካል ነው የሚል መመሪያ ነው። «ትምህርት ለትውልድ» በሚል ከሕዝብ በተሰበሰበው ብዙ ገንዘብና ቁሳቁስ መማሪያ ክፍል ተሠርቷል፣ አጥር ታጥሯል፣ ቀለም ተቀብቷል። ከዚያ ላይ ለሴት ተማሪዎች ዶርም የሚሆን ድርሻ ይመደብ።

ሌላው መልስ «መፍትሔው ዶርም አይደለም፣ በየቀበሌው ሁለተኛ ደረጃ መክፈት ነው» የሚል ነው። ይከፈት! ማን ይጠላል። ግን ላቦራቶሪ፣ የኬሚስትሪና የሒሳብ መምህር፣ ላይብረሪ ያለው ትምህርት ቤት በየቀበሌው እስኪደርስ ስንት ዓመት ነው? የዘንድሮዋ ልጅ አትጠብቅም። እስከዚያ ታድርበት።

«ዶርም ውስጥ ደግሞ ሌላ ችግር ይፈጠራል» ያሉንም አሉ። ይህን በቁም ነገር ነው የምወስደው። ልጆችን አንድ ቦታ ሰብስቦ ጥበቃ የሌለው ቤት መስጠት አደጋ ነው። ስለዚህ ተቆጣጣሪዋ ሴት ትሁን፣ እዚያው ታድር። ከምሽቱ በኋላ መምህርም ይሁን ርዕሰ መምህር፣ ማንም ወንድ ግቢው ውስጥ እንዳይገባ ይጻፍ። ልጅቷ አቤቱታ ቢኖራት ከትምህርት ቤቱ ውጭ የምትነግረው ሰው ይኑር፤ በደሉ ከትምህርት ቤቱ ሰው ሊመጣ ይችላልና። የእናቶች ኮሚቴ በየጊዜው መጥቶ ይይ። ሞደስ የሚቀመጥበት ቦታና መታጠቢያ ይኑር፤ በወር አበባ ምክንያት የምትቀርባቸው ቀናት ተደምረው ብዙ ናቸው።

ስለ ባህል የሚያነሳ ሰው ካለ ደግሞ፣ የቃቄ ውርድወት የእኛው ሴት ናት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ሰባት ቤት ጉራጌ በሚዳኝበት የጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ ስለ ሴቶች የጋብቻ መብት የተሟገተች ሴት ናት። ሴት ልጅ ተነስታ መብቷን መጠየቅ ባህላችን ውስጥ አለ።

ለዘንድሮ ግንባታ እንደማይደርስ አውቃለሁ። ለዘንድሮ ሌላ ነገር አለ፣ ገንዘብም ብዙ አይጠይቅም። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲመዘግብ ልጅቷ የት ተከራይታ እንደምትኖር፣ ከማን ጋር እንደምትኖር፣ አከራይዋ ማን እንደሆነ ይመዝግብ። ዛሬ ብትጠይቁ የሚያውቅ የለም። አንዲት ተማሪ ሦስት ቀን ብትቀር ስም ጠሪዋ ቀሪ ብላ ከመጻፍ ውጪ የምትሄድበት አድራሻ የላትም። አንዲት መምህርት በወር አንዴ እንኳን የኪራይ ቤቶቹን ዞራ ትይ። አከራዩ የሚያይ ሰው እንዳለ ሲያውቅ ጠባዩን ያስተካክላል፣ በር የሚያንኳኳውም እንደዚያው። ቀጥሎ ደግሞ ከተማው ውስጥ አንድ ሙሉ ግቢ ተከራይታችሁ፣ አንዲት እናት አስቀምጣችሁ፣ ከሩቅ ቀበሌ ለሚመጡት ስጡ። ወላጅ ኪራዩን ይጋራል።

አዲስ አበባ ላላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼም አንድ ቃል አለኝ፣ ይህን ደብዳቤ እንደምታነቡት አውቃለሁና። ለመስቀል ስትመጡ «ላስተምራት» ብላችሁ ልጅቷን ከመውሰዳችሁ በፊት፣ እዚሁ የምትማርበትን ኪራይ ብትከፍሉላት ይሻላል። የሚወጣባችሁ ገንዘብ ለእሷ አዲስ አበባ ከምታወጡት ያንሳል። ልጅቷም ከእናቷ አትርቅም።

ወደ እናንተ ልመለስና ልጨርስ። ለማደሪያው የሚሆን ቦታ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር ተያይዞ አለ፤ ሽማግሌዎቹ ተስማምተዋል፣ ለማየት ለሚመጣ ባለሙያ ራሳቸው ያሳዩታል። ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል የሚገቡትን የአካባቢያችንን ሴት ልጆች ዝርዝር፣ ወላጆቻቸው ፈቅደው፣ ከነቀበሌያቸውና ከትምህርት ቤቱ ካላቸው ርቀት ጋር ጽፈን አዘጋጅተናል። ይህን ዝርዝር ለመዝገብ ቤት ማስገባት አንፈልግም። ተቀብሎ የሚከታተል አንድ ሰው መድቡና ስሙን ንገሩን፤ ከምዝገባው በፊት በእጁ እናስረክበዋለን።

ከአክብሮት ጋር
የኪራይ ተማሪ የነበረች የጉራጌ ልጅ